ለቢላ አፎት ጌጥ የቱ ይሻላል? የዘንዶ፣ የቆሮሶ ዓሣ ወይስ የታተመ ቆዳ

ጌጥ ያለው የቢላ አፎት የሚያሠራ ደንበኛ አስቀድሞ የሚያነሣው ጌጡን ነው፤ «የእባብ ቆዳ አግቡልኝ» ይላል። ሠሪው ግን ከሥር መጀመር አለበት። ጌጡ በፊተኛው ቆዳ ላይ በተቆረጠ መስኮት የሚታይ፣ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ የሚወፍር ስስ ነገር ነው። ስለቱን የሚችለው፣ ቅርፁን የሚይዘውና ክሩን የሚያኖረው ከሥሩ ያለው የከብት ቆዳ ነው። ሥሩ ተበላሽቶ ጌጡ ብቻ ያማረ አፎት አንድ ክረምት አይዘልቅም።

ይህ መመሪያ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ለሚሠሩ፣ እዚያው በሚገኝ ዕቃ ለሚጠቀሙ የቆዳ ሠራተኞች ነው። መጀመሪያ የሥሩን ቆዳ፣ ቀጥሎ ሦስቱን የጌጥ ዓይነቶች፣ ከዚያ አሠራሩን እናያለን።

ሥሩ፦ በዛፍ ቅርፊት የለፋ ወይስ በክሮም የለፋ?

ኮምቦልቻ የቆዳ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ስለሆነች ቁርጥራጭ የለፋ ቆዳ ከጫማና ከቦርሳ ሠሪዎች ማግኘት አይቸግርም። አብዛኛው ግን በክሮም፣ ማለትም በፋብሪካ የማዕድን ጨው፣ የለፋ ነው። ክሮም ለጫማ ፊት ጥሩ ነው፤ ይለሰልሳል፣ ውሃ ነክቶት ሲደርቅ አይገግርም፣ ቀለም ይቀበላል። ለአፎት ሲሆን ሁለት ነገር ያጎድላል። አንደኛ፣ አርጥባችሁ ቢላው ላይ ብትጫኑት ሲደርቅ ወደ ነበረበት ስለሚመለስ የቢላውን ቅርፅ አይዝም። ሁለተኛ፣ በውስጡ የሚቀረው ጨው ርጥበት ሲያገኝ ብረት ይበላል። በየገበያው ያለው ቢላ ደግሞ ብዙው ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ፣ በቀላሉ የሚዝግ ብረት ነው። ሁለቱ ሲገናኙ በአንድ ክረምት ስለቱ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣል።

በዛፍ ቅርፊት የለፋ ቆዳ፣ የፋብሪካው በሚሞሳም ይሁን የገጠሩ በግራር ቅርፊት፣ ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይታዘዛል፤ ሲደርቅ የተጫነውን ቅርፅ ይዞ ይቀራል። ጠርዙም ሲታሽ ያንጸባርቃል። ለአፎት የምንመክረው ይህን ብቻ ነው። ክሮም ካላችሁ ለቀበቶ ማንጠልጠያው፣ ለውጪ ማሰሪያው፣ ብረት ለማይነካው ሁሉ ተጠቀሙበት።

ሻጩ የሚለውን ትታችሁ ራሳችሁ ፈትሹ። የተቆረጠውን ጠርዝ ተመልከቱ፤ መሐሉ ሰማያዊ ወይም አመድማ ከሆነ ክሮም ነው፣ ዳር እስከ ዳር ቡናማ ከሆነ የቅርፊት ነው። ቀለም የተነከረ ከሆነና ካልለየላችሁ ጣት የምታህል ቁራጭ የፈላ ውሃ ውስጥ ጣሉ። የቅርፊቱ ወዲያው ይኮማተራል፣ ይጠቀለላል፣ ሲወጣ ይደርቃል፤ ክሮሙ ብዙም አይለወጥም። በእሳትም ይለያል፤ የክሮም አመዱ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል።

ውፍረቱ ለታጠፈ አፎት 2.5 ሚሊ ሜትር፣ ከሁለት ቁራጭ ለሚሰፋ 3 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከጀርባ በኩል ያለውን ክፍል ምረጡ፤ የሆድና የብብት በኩል ያለው ስለሚላላ ሲረጥብ ይለጠጣል። በብርሃን ላይ አዙራችሁ የመዥገር ቀዳዳ፣ የጋሬጣ ጭረት፣ የመተኮሻ ጠባሳ መኖሩን እዩ። ከሁሉ የከፋው በሥጋው በኩል ያለው የገፋፊ ቢላ ጭረት ነው። ከፊት አይታይም፤ ቆዳው ሲታጠፍ ግን በዚያው መስመር ይሰነጠቃል።

መስኮቱ የሚቆረጥበት የፊት ቆዳም በቅርፊት የለፋ፣ 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ይሁን። በዓለም የቆዳ ንግድ «ባቲ» ተብሎ በስሙ የሚጠራው የፍየል ቆዳ ጥራቱ የሚያኮራ ስለሆነ ለፊት ሊፈተን ይችላል። ግን ስስ ነው፤ የመስኮቱ ጠርዝ ጌጡ ላይ ከፍ ብሎ መታየት ሲገባው ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። እከክ የነካው የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ከሆነ ደግሞ ቀለም ሲቀባ ነጥብ ነጥብ እያለ ይወጣል። የባቲን ፍየል ለከረጢትና ለማሰሪያ ብንተወው ይሻላል።

ጌጡ፦ ሦስቱ ምርጫዎች

የዘንዶ ቆዳ። በመልኩ ተወዳዳሪ የለውም፤ የቅርፊቶቹ መጠንም ቀለሙም ከቦታ ቦታ እየተለዋወጠ ይሄዳል። በንግድ ሲመጣ በሁለት ዓይነት ይቆረጣል። በሆዱ በኩል የተከፈተ ከሆነ መሐሉ ላይ የጀርባው ጥለት ይታያል። በጀርባው የተከፈተ ከሆነ መሐሉ ላይ የሆዱ ሰፋፊ ቅርፊት እንደ መሰላል ይደረደራል። ለጠባብ የአፎት መስኮት የሚያምረው ሁለተኛው ነው። የጀርባው ጥለት ትልቅ ስለሆነ በጠባብ መስኮት ሲቆረጥ ምን እንደሆነ ሳይለይ ይቀራል።

ትልቁ ጉዳይ ሕጉ ነው፤ እዚህ ላይ ማድበስበስ አይገባም። የዘንዶ ዝርያዎች ሁሉ ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ንግድ በሚገዛው፣ በተለምዶ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ውስጥ ተዘርዝረዋል። ኢትዮጵያም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። በሀገር ውስጥ ደግሞ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 አለ። ስለዚህ ከቆላ ተገድሎ የመጣ፣ በጨው የታሸ የዘንዶ ቆዳ ቢቀርብላችሁ አትቀበሉ፤ ርካሽነቱ አያታላችሁ። ሕጋዊው መንገድ ፈቃዱ አብሮት የመጣ፣ በፋብሪካ የለፋ ቆዳ መግዛትና ወረቀቱን ከሥራው ጋር ማስቀመጥ ነው። ደንበኛው አፎቱን ይዞ ከሀገር የሚወጣ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ፈቃድ የሌለው ዕቃ በድንበር ላይ ሊወረስበት ይችላል።

በጨው ብቻ የደረቀ የእባብ ቆዳ በሥራም ቢሆን አይረባም። አልለፋምና ሙቀት ሲነካው ይሸታል፣ ብል ይበላዋል፣ ሲታጠፍ እንደ ወረቀት ይሰበራል። እባብ ራሱ ገፎ የጣለው ልባስ ደግሞ ከዚህም የሳሳ ነው፤ ለጌጥ አይሆንም።

አርጃኖንም ብዙ ሰው እንደ አማራጭ ያነሣል። ቆዳው ከዘንዶ ይጠነክራል፤ ሕጉ ግን እሱንም ይይዘዋል።

የታተመ ቆዳ። የከብት ቆዳ ላይ በጋለ የብረት ሰሌዳ የእባብ ቅርፊት የታተመበት ነው። ርካሽ ነው፣ ወረቀት አይጠይቅም፣ ቅርፊቱ አይነሣም። ጉድለቱ ሁለት ነው። ጥለቱ በየተወሰነ ርቀት ራሱን ይደግማል፤ ሁለት አፎት ጎን ለጎን ሲቀመጥ ማንም ያውቀዋል። ሁለተኛ፣ ኅትመቱ ሲረጥብና ሲጫን ይጠፋል። በስፖንጅ አርጥቦ ቅርፅ ሲያስይዝ አንድ ጊዜ በአውራ ጣቱ ኅትመቱ ላይ የተጫነ ሰው የጣቱን ምልክት ለዘላለም ትቶበታል። ውፍረቱም ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሆነ ጠርዙን ሳታሳሱ ከፊቱ ቆዳ ሥር ብታስገቡት በመስኮቱ ዙሪያ ጉብታ ይፈጥራል።

ከታተመ ቆዳ ጋር የሚምታታው የፕላስቲክ ጨርቅ ነው። በጀርባው ክር ወይም ጨርቅ ይታያል፤ ጫፉን ክብሪት ስታስነኩት ይቀልጣል። የእውነተኛውን ዘንዶ ለመለየት በጥፍራችሁ ከጭራ ወደ ራስ በኩል በቀስታ ፈልፍሉት። የቅርፊቱ ጠርዝ ይነሣል፤ የታተመው ላይ ግን ጥፍር የሚይዝበት ጠርዝ የለም።

የቆሮሶ ቆዳ። እኛ ከሁሉ የምናስቀድመው ይህን ነው። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሐይቅ ሐይቅ አለ፤ ከዚያ የሚወጣው ቆሮሶ ሲበለት ቆዳው ብዙ ጊዜ ይጣላል። ቅርፊቱ ከተነሣ በኋላ እያንዳንዱ ቅርፊት የተቀመጠበት ትንሽ ኪስ ይቀራል። ቆዳው ሲለፋ እነዚህ ኪሶች ተደራርበው የእባብ ቅርፊት የሚመስል መረብ ይሠራሉ። ሕግ አይጥስም፣ ከሀገር ሲወጣም እንደ ዘንዶ አያስጨንቅም፣ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ቃጫው ተሻግሮ ተሻግሮ የተሠራ ስለሆነ ለስስነቱ የሚገርም ጥንካሬ አለው። ስፋቱ ከመዳፍ ብዙ አይበልጥም፤ ለአፎት መስኮት ግን በቂ መሆኑን ከታች በልክ እናሳያለን። አምባዛን አትሞክሩ፤ ቅርፊት ስለሌለው ጥለት የለውም።

ለማን የቱ? በየዕለቱ ለሚሠራበት ቢላ፣ ለቅርጫ ሥጋ በላተኛው፣ ለገበሬው፣ የታተመ ይበቃል፤ እንዲያውም ጌጥ ባይኖረው ይመረጣል፤ ደምና ስብ በጌጡ ጠርዝ ሥር ይገባልና። ለስጦታ፣ ለሠርግ፣ ወደ ውጭ ለሚሄድ እንግዳ ቆሮሶ። ዘንዶ ደግሞ ወረቀቱን ማየትና መክፈል ለሚችል፣ አፎቱን ግድግዳ ላይ ለሚሰቅል ሰው።

ቆሮሶን በቤት ማልፋት

ትዕግሥት እንጂ ፋብሪካ አይጠይቅም። ለ5 ያህል ቆዳ የሚሆነው ይህ ነው።

ቆዳው ትኩስ ይሁን፤ ካላደረሳችሁ በፍሪጅ በረዶ ክፍል አስቀምጡት። ቅርፊቱን በማንኪያ ጀርባ ከጭራ ወደ ራስ እየገፋችሁ አንሡ። ቢላ አትጠቀሙ፤ ኪሶቹን ይቀዳል፣ ኪሱ ከተቀደደ ጥለቱ ሄደ ማለት ነው። በውስጥ በኩል ያለውን ሥጋና ነጭ ስብ በማንኪያ ጠርዝ ፋቁ። ቀጥሎ በቀዝቃዛ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና 10 ደቂቃ ያህል እሹ፣ አለቅልቁ፣ ድገሙ። የዓሣ ሽታ ዋናው መነሻ ስቡ ስለሆነ እዚህ ላይ የሰነፈ ሰው ወር ቆይቶ አፎቱ ሲሸተው ይጸጸታል።

ውሃው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀዝቃዛ ይሁን። የዓሣ ቆዳ ከከብት ቆዳ በጣም ባነሰ ሙቀት ይኮማተራል፤ እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃ እንኳ እንደ ሙጫ ሊሆን ይችላል።

50 ግራም ሻይ ቅጠል በ2 ሊትር ውሃ ግማሽ ሰዓት አፍሉና ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ተዉት። የመጀመሪያውን ቀን ግማሹን በሌላ ቀዝቃዛ ውሃ አቅጥናችሁ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምራችሁ ቆዳውን ንከሩት። ከመጀመሪያው በወፍራሙ ብትነክሩት ላይ ላዩ ቶሎ ይዘጋና መሐሉ ጥሬ ይቀራል። በየሁለት ቀኑ ወፍራሙን እየጨመራችሁ፣ በቀን ሦስት ጊዜ እያማሰላችሁ ከ7 እስከ 10 ቀን ቆዩ። የግራር ቅርፊት ካላችሁ ተቀጥቅጦ በሻዩ ፋንታ ይገባል፤ ቀለሙ የበለጠ ይቀላል።

ለመፈተን ከዳር ቀጭን ክር ቆርጣችሁ የተቆረጠውን ፊት ተመልከቱ። በመሐሉ ነጭ መስመር ካለ አልደረሰም፤ ዳር እስከ ዳር ቡናማ ሲሆን ደርሷል።

አለቅልቃችሁ አንድ የእንቁላል አስኳል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጡ፤ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ቆዳውን አንድ ሁለት ሰዓት እዚያ ውስጥ አቆዩት። ከዚያ ጥላ ውስጥ እየደረቀ ሳለ በየጊዜው በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ወዲያና ወዲህ ጎትቱት። ይህን የተዉ እንደሆነ ደርቆ እንደ ካርቶን ይሰበራል። ሊደርቅ ሲል ጣውላ ላይ ወጥራችሁ በትንንሽ ሚስማር ያዙት። ነጭ ቆዳ የሚፈልግ በሸብ ያለፋል፤ ሸብ ግን በውሃ ታጥቦ ስለሚወጣ ለአፎት አይሆንም።

መስኮት ወይስ ከላይ መለጠፍ?

ጌጡን ከላይ ለጥፎ በዙሪያው መስፋት ይፈጥናል፤ ነገር ግን ጠርዙ ገሃድ ስለሆነ ሱሪ፣ መቀመጫ፣ የመኪና በር ሁሉ ይመታዋል፤ የዘንዶ ቅርፊት ደግሞ ከጠርዝ ጀምሮ ነው የሚነሣው። መስኮት ሲሆን ጌጡ ከፊቱ ቆዳ 1.5 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ይተኛል፤ የሚመታው ፍሬሙ ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ተጨማሪ ሥራ ቢሆንም ዋጋ አለው።

ልኩን በምሳሌ እንያዝ። የስለቱ ስፋት 30 ሚሊ ሜትር፣ የጀርባው ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ አንድ ስለት ቢላ ነው። አፎቱ በጀርባው በኩል ታጥፎ በስለቱ በኩል ይሰፋል። በስለቱ በኩል በሁለቱ ቆዳዎች መካከል የሚገባው ቁራጭ፣ መሐል ገብ እንበለው፣ 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያስፈልገዋል። 30 እና 3 እና 12 ሲደመር ከእጥፋቱ እስከ ዳር 45 ሚሊ ሜትር ነው። ስፌቱ ከዳር 4 ሚሊ ይሄዳል። ጌጡ ከመስኮቱ በየአቅጣጫው 8 ሚሊ አልፎ ከፊቱ ሥር መግባት አለበት፤ ስፌቱን ግን እንዳይነካ መስኮቱ ከስፌቱ 12 ሚሊ፣ ከእጥፋቱ 10 ሚሊ ይርቃል። ከ45 ሚሊ ውስጥ ለመስኮቱ የሚቀረው 19 ሚሊ ብቻ ነው። ጌጡ በአጠቃላይ 35 ሚሊ ስፋት ካለው ይበቃል፤ አንድ መካከለኛ ቆሮሶ ይህን ይሰጣል።

መስኮቱን በካርቶን ላይ ሥሩ፤ ማዕዘኖቹን ሳንቲም አስቀምጣችሁ ዙሩባቸው። የሾለ ማዕዘን ላይ መርፌው ሲዞር ቀዳዳዎቹ ይቀራረባሉና ቆዳው ከዚያ ይቀደዳል። በአዲስ የካተር ምላጭ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ምላጩ ካዘነበለ አንዱ ጠርዝ ይሰፋል፣ ሌላው ይጠባል። ጠርዙን ከማጣበቃችሁ በፊት ቀለም ቀብታችሁ እሹት፤ በኋላ ጌጡን ሳይነኩ መቀባት አይቻልም።

ፊቱን ጥቁር የሚፈልግ ቀለም መግዛት አይጠበቅበትም። የዛገ ሚስማር በኮምጣጤ ሳምንት ዘፍዝፎ ፈሳሹን ሲቀባው በቅርፊት የለፋ ቆዳ በደቂቃዎች ይጠቁራል፤ ቆዳውን ያለፋው የቅርፊቱ ታኒንና ብረቱ ሲገናኙ የሚሆን ነው። ከዚያ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ መታጠብ አለበት፤ ኮምጣጤው ከቀረበት ቆዳውን ይሰነጥቀዋል።

ጌጡን ስትቆርጡ አቅጣጫውን ልብ በሉ፤ የራሱ በኩል ወደ አፎቱ አፍ፣ የጭራው በኩል ወደ ጫፉ ይሁን። የሣር ክዳን ከላይ ወደ ታች እንደሚደራረብ ቅርፊቱም ወደ ታች ሲተኛ ልብስም ዝናብም ሲያልፍበት አይነሣም። ተገልብጦ የገባ ዘንዶ በሳምንታት ውስጥ እንደ ዶሮ ላባ ይቆማል።

ማስቲሹን በጌጡ ጀርባና በፊቱ ቆዳ ጀርባ ስስ አድርጋችሁ ሁለት ጊዜ ቀቡ። ወፍራም አንድ ጊዜ ከተቀባ በቀዳዳ ወደ ፊት ይወጣል፤ በእባብ ቅርፊት ሥር የገባ ማስቲሽ ደግሞ አይጸዳም። ጣት ሲነካው የማይከተል ሲሆን ግጠሙት። ይህ ኮምቦልቻ ላይ 10 ደቂቃ ያህል፣ ደሴ በክረምት ደግሞ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ለማጣበቅ መዶሻ አይነካም፤ ቅርፊቱ ይደቃል። ጨርቅ ጣል አድርጋችሁበት በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ከመሐል ወደ ዳር አንከባሉበት።

ጌጡ ትንሽ ከፍ እንዲል የሚፈልግ ከሥሩ 1 ሚሊ ውፍረት ያለው፣ ከመስኮቱ በየዙሪያው 3 ሚሊ ያነሰ ቁራጭ ቆዳ ይጨምራል። ከዚያ ከመስኮቱ ጠርዝ 3 ሚሊ ወደ ፊቱ ቆዳ ገባ ብላችሁ በኮምፓስ መስመር አስምሩ፤ በየ3 ሚሊው በቀጭን ወስፌ ከፊት በኩል ቀዳችሁ ስፉ። ወፍራም ወስፌ ከሥር ያለውን ጌጥ ይሰነጥቀዋል። ይህ ስፌት ካለቀ በኋላ ነው ፊቱ ከአካሉ ጋር የሚጣበቀው፤ ከጀርባ ያለው ክርም በዚያው ይሸፈናል፣ ስለቱ አይደርስበትም።

የዳሩ ስፌት

መሐል ገቡን 4 ሚሊ ውፍረት አድርጉት፤ ከቢላው ጀርባ በትንሹ መብለጥ አለበት። ያለ መሐል ገብ የተሰፋ አፎት በስለቱ ክሩን ይቆርጣል፣ አንድ ቀን ደግሞ ቢላው በጎን ወጥቶ ጭን ይወጋል። እዚህ ላይ ቆዳ የሚቆጥብ ሠሪ አይኑር።

ሁሉም ሲደረብ ፊቱ 1.5፣ አካሉ 2.5፣ መሐል ገቡ 4፣ ጀርባው 2.5፣ ድምሩ 10.5 ሚሊ ነው። የቤት ሲንገር ይህን አይችልም። የጫማ መስፊያ መኪና ቢችል እንኳ የመኪና ስፌት አንዱ ክር ሲበጠስ ተከታትሎ ይተረተራል። በእጅ፣ በአንድ ክር ሁለት ጫፍ በሁለት መርፌ በአንዱ ቀዳዳ ወዲያና ወዲህ የሚሰፋው ግን አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። ክሩ የናይለን ሆኖ በሰም የታሸ፣ ርዝመቱ የስፌቱን መስመር 5 እጥፍ ይሁን። ርቀቱን በሹካ ጥርስ እያሳረፋችሁ ምልክት ብታደርጉ እኩል ይወጣል። ወስፌው ቀጥ ብሎ ካልገባ በጀርባ በኩል መስመሩ ይወላገዳል፤ ከፊት በኩል ብቻ አይታችሁ አትርኩ።

ቢላው የአፋር ጊሌ፣ ማለትም የአፋሮች ጩቤ፣ ሲሆን ሁሉም ይለወጣል። ሁለት ስለት ስላለውና ቆልመም ስለሚል ማጠፍ አይቻልም። ሁለት ቁራጭ፣ በሁለቱም በኩል መሐል ገብ፣ ሁለት ስፌት ያስፈልገዋል። መስኮቱም የጊሌውን ጥምዝ ተከትሎ ይቆረጣል፤ ቀጥ ያለ መስኮት በቆልማማ አፎት ላይ ዘሞ ይታያል። የባቲን የሰኞ ገበያ አስቦ የሚሠራ ሰው ጊሌውን ራሱን አምጥቶ ይለካ፤ በግምት የተሠራ አይገባም።

ቅርፅ ማስያዝና ማድረቅ

አፎቱን ውሃ ውስጥ አትዝፈቁት። ለብ ባለ ውሃ በተጨመቀ ስፖንጅ አካሉን ብቻ፣ በተለይ አፉንና የእጀታውን መግቢያ አርጥቡ፤ መስኮቱን ዝለሉት። ቢላውን በሁለትና ሦስት ድርብ ፌስታል ጠቅልላችሁ አስገቡ። ባዶውን የገባ ብረት እርጥቡን ቆዳ ያጠቁረዋል፤ ኮምጣጤና ሚስማሩ የሚሠሩት ያንኑ ነውና። በአውራ ጣት የእጀታውን መነሻ ተከትላችሁ ጫኑ፤ 12 ሰዓት ያህል ካቆያችሁ በኋላ ቢላውን አውጥታችሁ አፎቱን ብቻውን አድርቁ።

እዚህ ላይ ሁለቱ ከተሞች ይለያያሉ። ኮምቦልቻ ከደሴ በስድስት መቶ ሜትር ገደማ ዝቅ ብላ ሞቃት ስለሆነች ፀሐይ ላይ የተሰጣ አፎት በአንድ ከሰዓት ይጣመማል፣ ፊቱም ይሰነጣጠቃል፤ ጥላና ነፋስ ያለበት ቤት ውስጥ አንድ ቀን ይበቃዋል። ደሴ በሐምሌና በነሐሴ ግን ሦስትና አራት ቀን ሊወስድ ይችላል፤ በዚያ መሐል ነጭ ሻጋታ ይይዛል። አፉን ወደ ታች አንጠልጥላችሁ፣ ውስጡን በደረቅ ወረቀት ሞልታችሁ፣ ወረቀቱን ጠዋት ማታ ለውጡ። ከሰል ምድጃ አጠገብ ማድረቅ በዛፍ ቅርፊት የለፋውን ያኮማትረዋል፤ የቆሮሶውን ጌጥ ደግሞ ፈጽሞ ያጠፋዋል።

ማጠናቀቂያ

ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አስተካክላችሁ በትንሽ ውሃ አርጥባችሁ በደረቅ ጨርቅ አጥብቃችሁ እሹት፤ ከዚያ ሰም ቀብታችሁ ድገሙት። የከብት ቆዳውን የቀለጠ ንጹሕ ሰም የተቀላቀለበት ቅባት ቀቡት። የኑግም ሆነ ሌላ የምግብ ዘይት ብቻውን አትቀቡ፤ ቆይቶ ይጣበቃል። ቅቤም ይበላሻል፣ አይጥ ይጠራል።

ጌጡን ዘይት አታስነኩት፤ የዘንዶው ነጣ ያለ ቅርፊት በአንድ ቀን ቢጫ ይሆናል። ቀለም የሌለው የጫማ ቅባትም በቅርፊቱ ሥር ደርቆ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይታያል። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ከራስ ወደ ጭራ መጥረግ ይበቃል።

ቅርፊት ቢነሣ አትንቀሉት፤ ሥሩ አብሮ ይመጣል። በመርፌ ጫፍ ጠብታ ማስቲሽ ከሥሩ አስገቡ፣ ጥቂት ደቂቃ አናፍሱት፣ በጣት ጫፍ ወደ ታች ተጫኑት፤ ከላይ የፈሰሰውን ሳይደርቅ በጣት እያንከባለላችሁ አንሡ።